ክቡር በነፃ

በየከተማው አንድ የነፃ ነገር ሊቅ አይጠፋም። የትኛው ሙዚየም በየትኛው ቀን ያለ ትኬት እንደሚያስገባ፣ የትኛው ሱቅ አይብ እንደሚያስቀምስ፣ ከጸሎቱ እኩል በቃሉ ይዞታል።

የአንዲት አስተማሪ አጎት፣ ጡረተኛው ፖስተኛ፣ የዚህ ትምህርት ሊቀ ሊቃውንት ናቸው። ጎረቤት «ክቡር በነፃ» ይላቸዋል። አርባ ዓመት ደብዳቤ ሲያድሉ ያልረገጡት ደረጃ የለም።

አስተማሪዋ ከትንሿ ከተማዋ ለሦስት ቀን ስትመጣ ልቧ ያለው ወንዙ ላይ በጀልባ መንሸራሸር ላይ ነበር። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ነገረቻቸው።

«ውሃ ለማየት የግድ ውሃ ላይ መውጣት አለብሽ?» አሉ ክቡርነታቸው። «ቦርሳሽን ዝጊና ተከተይኝ!»

መጀመሪያ ፍርድ ቤት ወሰዷት። «ቲያትር ቤት ያስከፍላል፤ እዚህ ግን የምራቸውን ነው የሚያለቅሱት» አሏት በሹክሹክታ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ አውራ ዶሮ ሲካሰሱ፣ ክቡርነታቸው ከኋላ ወንበር «እሱስ እውነቱን ነው!» ብለው ጮኹ። አጎትና የእህት ልጅ ተያይዘው ተባረሩ።

በማግስቱ የቤት ዕቃ መሸጫ ገብተው፣ ክቡርነታቸው ለማረፍ ያህል አንዱ አልጋ ላይ ጋደም አሉ። ወዲያው ማንኮራፋት።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ለሽያጭ ነው» አላቸው ሻጩ።

«ታዲያ ፍራሽ ቆሞ ይመረጣል?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። አስተማሪዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በሦስተኛው ቀን መረራት። «ጋሼ፣ እኔ ጀልባዋ ላይ እወጣለሁ። ለእርስዎም ትኬት ልቁረጥልዎ?»

«እኔ? ዕድሜ ልኬን በእግሬ የዞርኩትን ወንዝ ከፍዬ ላየው?» ፊታቸውን አጨፈገጉ። እሷም ኮስተር ብላ ብቻዋን ተሳፈረች።

ጀልባዋ እንደተነሳች አስጎብኚው ማጉያውን ይዞ «በስተቀኝ የምታዩት ሕንፃ ጭምት ሰዎች የኖሩበት…» ሲል፣ ከወንዙ ዳር «ውሸቱን ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ክቡርነታቸው ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከጀልባዋ እኩል ይሮጣሉ!

«ሦስተኛ ፎቅ የነበረችው ልብስ ሰፊ፣ ለሙሽራዋ ቀሚስ ሰፍታ ስታበቃ ሙሽራውን ይዛ ጠፋች! የስንብቱን ደብዳቤ ለሙሽራዋ ያደረስኩት እኔ ነኝ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ወደዚያ ወገን ተጋፍቶ ጀልባዋ ዘመም አለች። አስጎብኚው ማጉያውን አጠፋ።

«ማን ናቸው?» አለች አንዲት ሴት ሳቋ እያመለጣት።

«አጎቴ ናቸው!» አለች አስተማሪዋ፣ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ።

ግን ድምፃቸው እየሰለለ፣ እርምጃቸው እያጠረ መጣ። ጀልባዋ መጀመሪያው ማቆሚያ ስትደርስ አስተማሪዋ ብድግ አለች።

«እህቴ፣ ገና ግማሽ መንገድ እኮ ነው» አላት ትኬት ተቀባዩ።

«አስጎብኚዬ ደክሟቸዋል» ብላ ወረደች።

ዛፍ ተደግፈው ሲያለከልኩ አገኘቻቸው። «የከፈልሽበትን… ጥለሽ…» ብለው ሊቆጧት ሞከሩ፤ ትንፋሽ አጠራቸው።

ክንዷን ሰጠቻቸው። «እሺ ጋሼ፣ የተከዳችውስ ሙሽራ ምን ሆነች?»

የክቡርነታቸው ትንፋሽ ወዲያው ተመለሰ።