ማንም አልሞተም

[ቡታጅራ፣ ቴሌ ቢሮ። ሞባይል ገና አገር ውስጥ ያልገባበት ዘመን። የትምህርት ቤቱ ጣራ ማሠሪያ ኮሚቴ ጸሐፊ መምህር ኤፍሬም ሁለት ገጽ ንግግር ይዞ ቆሟል። አናጺው ሸምሶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የስልኩን ክፍል በር እያየ ያልበዋል።]

ኤፍሬም፦ መጀመሪያ «ሃሎ» ትላለህ አልኩህ እኮ!

ሸምሶ፦ «አሰላሙ አለይኩም» ብልስ?

ኤፍሬም፦ ይረዝማል። የከፈልነው ለሦስት ደቂቃ ነው።

ሸምሶ፦ ሰላም ያላሉትን ሰው እንዴት ቆርቆሮ ይለምኑታል?

ኤፍሬም፦ ስማኝ ሸምሶ፣ ስልክ ሳይንስ ነው። ሳይንስ ደግሞ ሰላምታ አይወድም። «ሃሎ» ትላለህ፣ ይህን ወረቀት ታነባለህ፣ በቃ።

ሸምሶ፦ አንተው አንብበዋ። የጻፍከው አንተ ነህ።

ኤፍሬም፦ ለነጋዴው ለከድሮ ሦስት ደብዳቤ ጽፌ መልስ የለም። ባለፈው ሳምንት ስደውል ሠራተኛው «ከድሮ የለም» አለኝ። ከኋላው ከድሮ ራሱ «የለም በለው» ሲል ይሰማኛል።

ሸምሶ፦ እሱ ራሱ የለም ካለማ የለም።

ኤፍሬም፦ [ወደ ኮርኒሱ እያየ] አምላኬ! አንተን ግን አይደበቅህም፣ አብሮ አደግህ ነው። መርካቶ ውስጥ የቆርቆሮ መጋዘን ያለው የኛ አካባቢ፣ የእንሴኖ ልጅ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ሸምሶ፦ በአውቶቡስ ልሂድለት። ካስፈለገ በእግሬም እሄዳለሁ።

ኤፍሬም፦ ዝናቡ ይጠብቅሃል? ነፋሱ ጣራውን ከወሰደው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው!

ሸምሶ፦ አውቃለሁ። ልጄ ዘይባ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ሐ» ላይ ቆማለች። «ሀ» ይላሉ፣ «ለ» ይላሉ፣ «ሐ» ላይ ሲደርሱ ይዘንባል፣ ይበተናሉ።

ኤፍሬም፦ እንግዲያ ለ«መ» ስትል ግባ!

ሸምሶ፦ ስልክ እፈራለሁ፣ መምህር።

ኤፍሬም፦ ምን እንዳያደርግህ? አይነክስ፣ አይራገጥ።

ሸምሶ፦ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ጆሮዬ ላይ ያደረግኩት። ወንድሜ ሞተ።

ኤፍሬም፦ ወንድምህን ስልኩ አልገደለውም!

ሸምሶ፦ አልገደለውም። ግን እስካነሳው ድረስ በሕይወት ነበረ።



ኤፍሬም፦ ይኸ በሥነ አመክንዮ ስህተት ነው።

ሸምሶ፦ ይሁን። እኔ ግን እስከ ዛሬ ስልክ ሲጮኽ መንገድ እቀይራለሁ። ከዚያ ነገር ውስጥ ደግ ወሬ የሚወጣ አይመስለኝም።

ኤፍሬም፦ ፍርሃት ፊት ለፊት ገጥመው የሚያሸንፉት ነገር ነው። እኔን እየኝ፣ ምንም አልፈራም።

ሸምሶ፦ አውቃለሁ። ሰው ነው የሚፈራልህ።

[ከመስኮቱ፦ «አዲስ አበባ፣ ሁለት ቁጥር!» ኤፍሬም ሸምሶን ገፍቶ ያስገባዋል። ወረቀቱን እጁ ላይ ያስይዘውና በሩን ከፍቶ፣ የእጅ ሰዓቱን እያየ ይቆማል።]

ሸምሶ፦ [መነጋገሪያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ] ቢስሚላህ… አሰላሙ አለይኩም። ሸምሶ ነኝ፣ የቡታጅራው። ከድሮን ፈልጌ ነበር… እሺ። [ለኤፍሬም] «አለ» አሉኝ።

ኤፍሬም፦ ወረቀቱን! ወረቀቱን!

ሸምሶ፦ ከድሮ?… ኧረ ማንም አልሞተም… አልደበቅኩህም… ወላሂ ማንም አልሞተም!

ኤፍሬም፦ ጣራው በለው!

ሸምሶ፦ እናትህ? ደህና ናቸው። ትናንት እንሴኖ ገበያ አግኝቻቸዋለሁ… በምን አወቅክ? ሰድበውኛል… «አልጋዬን አልጨረስክልኝም» ብለው ነዋ… አዎ፣ እንደ ድሮው። ገበያው ሁሉ ሰምቷል።

ኤፍሬም፦ አንድ ደቂቃ ሄደ!

ሸምሶ፦ አጎትህም አሉ… አክስትህም አሉ… አሚኔ ወልዳለች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው… በሬው? [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] በሬውስ ሞቷል… አላህ ይተካልህ።

ኤፍሬም፦ [በሹክሹክታ፣ አፉን አስፍቶ] ቆር-ቆ-ሮ!

ሸምሶ፦ «ታዲያ ለምን ደወልክ?» ነው ያልከኝ?… [ወረቀቱን ያያል፣ ያስቀምጠዋል።] እንጃ ከድሮ። ስልክ እፈራ ነበር። የወንድሜን መርዶ የሰማሁት በዚህ ነው። አሁን «እናቴ አለች ወይ» ስትለኝ «አሉ» አልኩህ። ለካ በስልክ «አሉ» ማለትም ይቻላል። ደስ አለኝ፣ ወላሂ… ሃሎ? ሃሎ?

[መስመሩ ተቋርጧል።]

ኤፍሬም፦ ሦስት ደቂቃ! የአንድ አገር ሕዝብ ከነበሬው ቆጥረህ አንዲት ቆርቆሮ ከአፍህ ሳትወጣ?

ሸምሶ፦ «ሃሎ» ግን ብያለሁ።

ኤፍሬም፦ መጨረሻ ላይ!

ሸምሶ፦ አልፈራሁም፣ አየኸኝ?

ኤፍሬም፦ ያንተ አለመፍራት ጣራ አይሆንም!

[ከመስኮቱ፦ «ሸምሶ! ከመርካቶ ተደውሎልሃል፣ ሁለት ቁጥር!» ሸምሶ ይነሳል። ኤፍሬም ወረቀቱን ነጥቆ ቀድሞት ይገባል።]

ኤፍሬም፦ ቁጭ በል። እንዴት እንደሚነገር አሁን ትማራለህ። [ጉሮሮውን ጠርጎ ያነባል።] ሃሎ። ክቡር አቶ ከድሮ፣ ይህን የማሳውቅዎ በታላቅ ኀዘን ነው። ያሳደገችን፣ ለቁም ነገር ያበቃችን፣ የሁላችንም እናት፣ ከሦስት ሳምንት በፊት በድንገት…

[ከመነጋገሪያው የሚወጣው ለቅሶ እስከ መስኮቱ ይሰማል። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ።]

ኤፍሬም፦ ሃሎ? አቶ ከድሮ? ገና አልጨረስኩም እኮ፣ ሁለተኛ ገጽ አለው!

ሸምሶ፦ [ቀስ ብሎ ይቀበለዋል።] ከድሮ፣ እኔ ነኝ። አታልቅስ። አሉ… አሉ አልኩህ። ትምህርት ቤቱን ነው… አዎ፣ «እናት» ያለው ትምህርት ቤቱን ነው… እኔም አልገባኝም… ጣራውን ነፋስ ወስዶት ነው፣ ልጆቹ ዝናብ ላይ ናቸው… ስልሳ ይበቃል… እሺ… እሺ። አላህ ይስጥህ። [ይዘጋል።]

ኤፍሬም፦ ምን አለ?

ሸምሶ፦ ሰማንያ ቆርቆሮ ነገ ይጫናል። ሚስማሩም ከሱ ነው።

ኤፍሬም፦ [ወረቀቱን በኩራት እያጠፈ] አየህ? ንግግሬ ልቡን ነካው!

ሸምሶ፦ ሳትነካውም ነው መልሶ የደወለው። ከአገር ተደውሎለት መርዶ ሳይሰማ፣ ገንዘብም ሳይጠየቅ ሲቀር ዛሬ የመጀመሪያው ነው አለኝ። «ይኸ ሰው አፍሮ ነው እንጂ አንድ ነገር ቸግሮታል» ብሎ ሊጠይቀኝ ነበር።

ኤፍሬም፦ [ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ] ስለ እኔስ ምንም አላለም?

ሸምሶ፦ «ማነው ሰውየው?» አለኝ። የልጆቹ መምህር ነው አልኩት።

ኤፍሬም፦ እሺ?

ሸምሶ፦ «ለመሆኑ ጣራውን የወሰደው የሱ ንግግር ሳይሆን ነፋስ መሆኑን አጣርታችኋል?» አለኝ።