የመዶሻውና የሸረሪቱ ፍልሚያ

በየሰፈሩ ሙታንን ከሕያዋን ጋር የሚያደባድብ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ከሰባ ዓመት በፊት የሞተ ቡጢኛ ከመቃብር ቀስቅሶ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ትናንት በቴሌቪዥን የታየ ጎረምሳ ፊት ያቆመዋል። ከዚያ ወደ እናንተ ዞሮ "ማን ያሸንፋል?" ይላል። አትድከሙ። መልሱ ቀድሞ ተዘጋጅቷል።

መጽሐፍ ጠራዡ እንዲህ ያለውን ሰው ያገኘው ከትዳሩ ጋር ተመርቆለት ነው። የሚስቱ አባት ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ሰፈሩ "ክቡር ዳኛ" ይላቸዋል። በሕይወታቸው ሰው በጥፊ እንኳ ነክተው አያውቁም፤ የመካከለኛ ክብደት ቡጢ ሲነሳ ግን የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ እሳቸው ናቸው። ለምን መካከለኛ ብቻ?

"ከባዱ ጉልበቱን ተማምኖ አያስብም" ይላሉ። "ቀላሉ እንደ ትንኝ ነው፣ ሲጮህ እንጂ ሲመታ አታየውም። ሰው የሚባለው መካከለኛው ነው።"

ከማንኛውም ግጥሚያ በፊት "መጀመሪያ በሕጉ እንስማማ" ማለት ግዴታ ነው። ጓንቱ የማን ዘመን ነው? የድሮው ስስ ነበር፣ የዛሬው ትራስ ነው። ዙሩ አሥራ አምስት ነው ወይስ አሥራ ሁለት? ሚዛን ላይ የሚወጣው በዋዜማው ነው ወይስ በዕለቱ ጠዋት? በሠርጉ ቀን ፎቶ አንሺው "ፈገግ በሉ" ሲል፣ ክቡር ዳኛው በሙሽራው ጆሮ የሚዛኑን ሕግ እያብራሩ ነበር። ፎቶው ላይ ጠራዡ የተፈረደበት ሰው ይመስላል። ለቅሶ ላይ እንኳ የሟችን ወንድም ጥግ አስይዘው ከመዶሻውና ከሸረሪቱ አስመርጠውታል።

መዶሻው አያቶቻችን በሬዲዮ የሰሙት ቡጢኛ ነው። ሸረሪቱ የዛሬው፣ እጀ ረጅሙ። ስሙን ያወጡላቸው እሳቸው ናቸው። የሚያሸንፈው ሁልጊዜ መዶሻው ነው። ጠራዡም ካገባ ጀምሮ አንድ መልስ ብቻ ነበረው፤ "ልክ ብለዋል፣ አባባ።"

ዛሬ ጠራዡና አማቱ የቀዶ ጥገና ክፍል ኮሪደር ውስጥ ተቀምጠዋል። የክቡር ዳኛው ልብ መጠገን አለበት ከተባለ ቆይቷል። ሁለት ጊዜ ተቀጥረው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። መጀመሪያ ከበር ጥበቃው ጋር ግጥሚያ ጀምረው ሰዓቱ አለፈ። ቀጥሎ ልጃቸው ስታለቅስ አይተው "ልጄን እያስለቀስኩማ አልገባም" ብለው ወጡ። ሐኪሙ ጠራዡን ለብቻው ጠርቶ "ዛሬም ካልገቡ ቀጣዩ ተራ ሩቅ ነው፤ ልባቸው እስከዚያ የሚታገስ አይመስለኝም" ብሎታል። እንባዋ ዳግም እንዳያስመልሳቸው ሚስቱ ቤት ቀረች። በር ላይ የሸኘችው "አባዬ ሳይገባ እንዳትመጣ" ብላ ነው።

ጠራዡ እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ከቷል። ለሻይ ቤት አስተናጋጅ "ያዘዝኩት ይሄ አይደለም" ማለት የማይደፍር ሰው፣ እኚህን አዛውንት በምን ጉልበት ነው የሚያስገባው? ክቡር ዳኛው ግን ስድስተኛው ዙር ላይ ደርሰዋል። መዶሻው ሸረሪቱን ጥግ አስይዞታል።

ነርሷ በሩን ከፈተች። "አባ፣ ተራዎ ደርሷል።"

"ደረሰ? እስቲ ይቺን ዙር ልጨርስ፣ የኔ ልጅ።"

"ሐኪሞቹ እየጠበቁ ነው እኮ፣ አባ።"

"በዙር መሐል አይነሳም። ሕግ ነው" አሉና ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። ቁልፉን ሊቆልፉ ሞከሩ። ግዙፍ አውቶቡስ በጠባብ መንገድ ያለ ጭረት ሲያሳልፉ የኖሩ ጣቶች፣ አንዲት ቁልፍ ከቀዳዳዋ ማገናኘት አቃታቸው። ጠራዡ አየ። ለካ ይፈራሉ።

"ልጄ፣ ዛሬ ደስ አላለኝም፤ ሌላ ቀን እንመለስ። ለነገሩ መዶሻው ጨርሶታል። አይደል እንዴ?"

የጠራዡ አፍ በልማድ "ልክ" ሊል ተከፈተ። ቃሉን መልሶ ዋጠው።

"አይመስለኝም፣ አባባ።"

"ምን አልክ?"

"ሸረሪቱ ነው የሚያሸንፈው።"

ክቡር ዳኛው ልጃቸውን ለማን እንደዳሩ ገና ዛሬ የተነገራቸው ይመስል አፈጠጡበት። "በምኑ?"

"በ... በግራው። እጁ ረጅም ነው። መዶሻው አይደርስበትም።" ይህን እያለ ተነስቶ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ።

"በእጅ ርዝመት ቢሆን ዝንጀሮ ነበር ቀበቶውን የሚወስደው። አንተ ቁም እንጂ፣ ወዴት ትሸሻለህ?"

"አልሸሸሁም። ደግሞ መዶሻው ከስምንተኛው ዙር በኋላ ይደክመዋል።"

"ማንን? አሥራ አምስት ዙር ተደባድቦ ቤቱ በእግሩ የሚገባውን ሰውዬ?" ኮታቸው ከትከሻቸው ወደቀ፤ ዞረውም አላዩት። ነርሷ ብልህ ነበረች፤ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ከፍታ ያዘችው። ክቡር ዳኛው አንገታቸውን ሰብረው፣ ክርናቸውን አጥፈው፣ መዶሻው በረጅሙ እጅ ሥር እንዴት እንደሚያልፍ እያሳዩ የበሩን ደፍ ተሻገሩ።

ነርሷ ጠራዡን በመዳፏ አስቆመችው። "እርስዎ እዚህ ይቀራሉ።"

አዛውንቱ ዞሩ። ባለጎማውን አልጋ አዩ፤ የት እንደቆሙ ገባቸው። ለመውጣት አንድ እርምጃ ይበቃቸዋል።

"አታለልከኝ" አሉት በቀስታ።

"ይቅርታ፣ አባባ።"

"ምን ይቅርታ ትለኛለህ? ይኼን ሁሉ ዓመት 'ልክ ብለዋል፣ ልክ ብለዋል'። ብቻዬን ስደባደብ ኖሬ።" የሸሚዛቸውን ቁልፍ መፍታት ጀመሩ። "እዚሁ ቆየኝ። ገና አልጨረስንም።"

በሩ ተዘጋ።

ጠራዡ ለሚስቱ ደውሎ "ገብተዋል" አላት። ኮቱን ከወለል አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። በሩን ላለማየት ሲል ስለ ሸረሪቱ ማሰብ ጀመረ። ለግራው መከራከሪያ አሰበለት። ለእግሩም አንድ ነገር አገኘ፤ ከሕጉም አንድ ነጥብ ፈለገ። ሁሉም ደካማ ነበሩ፤ ክቡር ዳኛው በአንድ ቃል ነው የሚያፈርሷቸው። ይሁን። ብቻ ይውጡና ያፍርሷቸው።