አህያዋ የመሰከረችብኝ ቀን

ሰው ሁሉ ፖሊስ ሲፈልግ «የት ገቡ?» ይላል፤ ፖሊስ ሲመጣ ደግሞ ራሱ የሚገባበት ይጠፋዋል። ይህን ጠባይ ኮሌጅ አላስተማሩኝም። ያስተማሩኝ ማስረጃ ስለ መሰብሰብና ምስክር ለያይቶ ስለ መጠየቅ ነው። ስጨርስ ፖሊስ ልሆን ነዋ! እንዲያውም ከመጨረሴ በፊት ሆኜ ነበር መሰለኝ፣ ለእረፍት ወደ ተወለድኩባት ገንዳ ውሃ ከተማ ስገባ አረማመዴ ሳይቀር ተቀይሮ እናቴ «እግርህን አሞሃል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለመመልመል የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የሰፈር ሰው ተሰብስቦ «ጨዋ ነው፣ በክፉ አይነሳም» ብሎ ሊመሰክርልኝ ይገባል። ይህ ካልሆነ የተማርኩት ሁሉ ከንቱ ነው። ቢሆንም አልሰጋሁም። ጠብ ሲነሳ ሁሉም የሚጠራቸው ሽማግሌ፣ ጎረቤታችን አያ ዘለቀ፣ «ምን ሐሳብ አለህ፣ እኔ አለሁልህ» ብለውኝ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ሁለት ሰዎች ባለቤት አጥታ ስትዞር ያገኟትን ግራጫ አህያ በገመዷ ይጓተታሉ። አንዱ ሰሊጥ አራሹ ፈንታ ነው፤ ሌላው ሱዳን ድንበር፣ መተማ ዮሐንስ እየተመላለሰ የሚነግደው ጋሻው። ፈንታ «በእጄ አሳድጌ አምና የጠፋችብኝ ናት» ይላል። ጋሻው ደግሞ «ከሽንፋ ገበያ ገዝቼ አምና የጠፋችብኝ ናት» ይላል። ታዲያ ይህን እያየ የነገ ፖሊስ ዝም ብሎ ያልፋል? «በሕግ ስም!» ብዬ ገመዱን ተቀበልኳቸው። ደግነቱ የየትኛው ሕግ ስም እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አላውቀውም።

ለያይቼ መረመርኳቸው። ገጣባዋ በየት በኩል ነው? ሁለቱም በቀኝ አሉ። የተቀደደው ጆሮዋስ? ሁለቱም ግራው አሉ። ውሸታም ለብቻ ሲጠየቅ ቃሉ ይለያያል ተብለን ተምረናል፤ ሁለት እውነተኛ ሲገጥም ምን እንደሚደረግ በተማሩበት ቀን ቀርቼ መሆን አለበት። ግራ ገባኝ። ግራ እንደገባኝም ለገበያው ሁሉ ገባው።

ይኼኔ አያ ዘለቀ መጡ። «አይ ልጀ፣ ምን በጥያቄ ታደርቃቸዋለህ? ልቀቃት እንጅ፣ ቤቷን ታውቃለች! የገባችበት ደጅ ባለቤት ይውሰዳት» አሉ። የከብት ክርክር ሲያስቸግር በእኛ ዘንድ የታወቀ ዳኝነት ነው። ፈንታ ተስማማ። ጋሻውም በነጋዴ ዐረብኛው «ማፊ ሙሽኪላ!» አለ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። እኔ ግን ማስረጃ ከመርማሪ እጅ አይወጣም ብዬ ገመዱን አላላሁት እንጂ አልለቀቅኩትም።

አህያዋ ወደ ፈንታ ቤት የሚወስደውን መንገድ አለፈችው። የጋሻውን ግቢ ዞር ብላም አላየችው። ባጃጆች ቆመው አሳለፉን፤ ተከታዩም እየበዛ ሄደ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የምትሄድበትን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። በመጨረሻ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ገባች፣ ከበርሜሉ ውሃ ጠጣች፣ ጥላ ሥር ቆመች።

በር ላይ የነበረው ፖሊስ «መጣች!» ብሎ ጮኸ። ለካ አህያዋ አምና ኬላው አጠገብ ኮንትሮባንድ ሲጋራ እንደተጫነች ተይዛ ኖሯል። ነጂዋ ሮጦ አምልጧል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እዚህ ግን ዳውላውም አህያዋም አብረው ታሰሩ። ባለቤቷ እስኪገኝ እዚያው ስትቀለብ ከርማ፣ ሰሞኑን አጥር ጥሳ የወጣች ናት።

አዛዡ ደስ ብሏቸው ወጡና «ባለቤቷ ተገኘ?» አሉ። እኔም ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ፈንታ «የእኔዋስ ነጣ ትል ነበር» አለ። ጋሻው ደግሞ በሕይወቱ አህያ ኖሮት እንደማያውቅ ማለ፤ ሙሽኪላው የታየው አሁን ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኸው አይደል? ከሁለቱ አንዱ ገበያ ላይ ዋሽቷል፣ አንዱ ጣቢያ ላይ። የትኛው የት እንደዋሸ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አዛዡ ገመዱን በዓይናቸው ተከትለው እጄ ላይ ደረሱ። «ስምህ ማነው?» አሉኝ።

ፖሊስ ጣቢያ የምቀመጥበትን ወንበር ስንት ጊዜ አልሜው ነበር! ያገኘሁት ግን ተጠርጣሪ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ነው። ቃሌን ተቀብለው እየሳቁ ለቀቁኝ። አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ፈራሁ። ገበያተኛው ሁሉ በአጥር ሲያየኝ ውሏል፤ አሁን ማን ይመሰክርልኛል?

የስብሰባው ቀን መልማዩ «ይህን ልጅ በክፉ የሚያነሳው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ማንም አልተነፈሰም። እፎይ አልኩ። አያ ዘለቀ ግን ዝምታው ያነሰብኝ መሰላቸው፤ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

«ኧረ ልጃችንስ ጨዋ ነው!» አሉ በኩራት። «ከኮንትሮባንድ አህያ ጋር የተያዘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ማንም ሳያስገድደው፣ በእግሩ ሄዶ ነው እጁን የሰጠው።»