ዝናብ የሚፈራው ገበሬ

ሰማይ ሲጠቁር የሚሰጋ ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቡሬ አጠገብ አይቻለሁ። ጋሽ አያሌው በቆሎ አምራች ናቸው፤ ደግሞም ከጤና ጣቢያው ጀርባ የተተከለውን አነስተኛ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ይጠብቃሉ። ፍኖተ ሰላም እንኳ መብራት በፈረቃ በሚያገኝበት በዚያ ዘመን፣ የጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ የሚሠራው በዚህ ሶላር ነበር። ባትሪው ስለደከመ ደመና ባለፈ ቁጥር ኃይሉ ይወርዳል፤ ማቀዝቀዣው ከሞቀ ደግሞ ክትባቱ ይበላሻል። እንዲህ ያለ ሰው እንቅልፍ ከየት ያመጣል?

አንድ ክረምት ዝናቡ ዘገየና በቆሎው ጠወለገ። ቀበሌው በሙሉ ምህላ ወጣ። ሰው ሁሉ "እግዚኦ" ሲል ጋሽ አያሌው ከንፈራቸውን ገጥመው ቆሙ። ባለቤታቸው በክርን ጎሸም አደረጓቸው።

"አንተ ሰው፣ ልጆችህን ሶላር ልታበላቸው ነው?"

ይሄኔ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ጌታዬ፣ ዝናቡን ሌሊት ሌሊት፣ ፀሐዩን ቀን ቀን አድርግልን።"

ቄሱ ዘወር አሉ። "አያሌው፣ እግዜርንም በፈረቃ ልታሠራው ነው?"

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ጨነቀኝ፤ እስቲ እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ምን ብላችሁ ትጸልዩ ነበር?

ዝናቡ በማግስቱ መጣ፤ ያውም በቀትር፣ ያውም ዶፍ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሽ አያሌው "ተመስገን" እያሉ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጡ፤ ነርሷ ክትባቱን ቶሎ ወደ በረዶ ሳጥኑ እንድታዛውረው ሊነግሯት። መንገዱ በገዛ ማሳቸው ዳር ያልፋል። በቆሎው ውኃ ሲጠጣ ቆመው ለማየት ግን ጊዜ አልነበራቸውም።