የጋሽ ወርቁ የካሚዮን ትምህርት

አንባቢዬ፣ ልጆች ከፊደል ቆጠራ ሲለቀቁ ዝም ብለው ቤታቸው ቢገቡ ምን ይጎድልባቸዋል? ለጎረቤቴ ለጋሽ ወርቁ ግን ይህ አይዋጥላቸውም። የኔታ ሲያሰናብቱ ጠብቀው ልጆቹን ጣርማ በር አፋፍ ላይ ያወጡና ዳገቱን የሚወጣውን የጣሊያን ጦር የጭነት መኪና፣ ካሚዮንን፣ እያሳዩ ያስተምራሉ። እኔም ልጄ ስላለችበት መቀመጥ አቅቶኝ እከተላለሁ።

«ካሚዮን ውሃ የሚጠጣው ዳገት ሲወጣ ስለሚያልበው ነው» ይሏቸዋል። እሳቸው ካሚዮን ነክተው ያውቃሉ? የት አግኝተው።

አንድ ቀን ታዲያ አንዱ ካሚዮን ፊታችን ቀጥ አለ። ጣሊያኖቹ ክዳኑን ከፍተው ቢጎረጉሩት እንቢ አለ። አለቃቸው ገደሉን አየ፣ ጫካውን አየ፣ ከዚያ እኛን አየ። አስተርጓሚው መጣና፣ «አለቃው የሰው እጅ አለበት ይላሉ። ከመካከላችሁ ካሚዮን የሚያውቅ ማነው?» አለን።

ጋሽ ወርቁ አንገታቸውን ደፉ። እኔ የልጄን አፍ ለመያዝ እጄን ሰደድኩ። ግን ያን ያህል የተማረ ልጅ እንዴት ዝም ይላል? ሁሉም ፊደል እንደሚቆጥሩ በአንድ ድምፅ፣ «ጋሽ ወርቁ» አሉ።

ወታደሮቹ ጎትተው ሞተሩ ፊት አቆሟቸው። በዚያ ብርድ ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። ልጄ ቀሚሴን ሳብ አድርጋ፣ «እማዬ፣ እሳቸውም አልቧቸዋል፤ ውሃ ይስጧቸው» አለችኝ።