የአቶ ዳርጌ በርኮታዎችና የደስታው ኮሚቴ

በጂንካ ከተማ እስከ ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት አጋማሽ ድረስ ደስታ ያለ ዕቅድና ያለ ቃለ ጉባኤ ሲባክን መኖሩን ዛሬ ስናስበው አንጀታችንን ይበላዋል። አመሻሽ ላይ ሕዝቡ በከተማው መሀል በተንጣለለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ፣ አንዱ አንድ ነገር ይላል፣ ሌላው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ማን ሳቀ? ስንት ጊዜ ሳቀ? ካለፈው ሩብ ዓመት ጋር ሲነጻጸር ሳቁ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? የሚመዘግብ አልነበረም። እዚያው ሣር የሚግጡት ላሞች ሳይቀሩ ይህን ክፍተት ያዩ ነበር፤ ሐሳባቸውን የሚገልጹበት መድረክ ግን አልተመቻቸላቸውም።

ምስጋና ይግባውና፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልገን አንድ መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ክፍተቱን ሊደፍን ቆርጦ ተነሣ። "የሠራተኛው ፊት መጨፍገግ በአፈጻጸም ላይ አሉታዊ ተጽዕኖ እያሳደረ ስለመሆኑ" የሚል ደብዳቤ ከበላይ አካል መጣ። መፍትሔውም አብሮ ተቀምጧል፤ ደስተኛ የሆነ አንድ ቤተሰብ ከሠራተኛው መካከል ተፈልጎ ይገኝ፣ ሞዴል ይባል፣ ከዚያም ተሞክሮው ተቀምሮ በየወረዳው ይስፋ።

የመፈለጊያውን ቅጽ የማዘጋጀት ከባድ አደራ የወደቀው በአቶ ዳርጌ ጫንቃ ላይ ነበር። ዳርጌ የጂንካ ልጅ ነው፤ የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ። በሥራ ዘመኑ አንድም የቅጽ ሣጥን ባዶ ትቶ አያውቅም። "የጎርፍ አደጋ" በሚለው ሥር በድርቅ ወር እንኳ "በመጠባበቅ ላይ" ብሎ ይሞላል። የደስታውን ቅጽ ጨርሶ ሊያስረክብ ሲል ታዲያ በግርጌው "ለምሳሌ" የምትል አንዲት ሣጥን አፏን ከፍታ አየችው። ዳርጌ አላስቻለውም። በቅን ልቡ እንዲህ ብሎ ሞላት፤ "በአቶ ዳርጌ ቤት፣ ዘወትር ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል፣ በርኮታ ላይ በመቀመጥ፣ በአማካይ አሥራ አንድ ሳቅ።"

ውሸት ጽፎ ቢሆን ኖሮ ምንም ባልመጣበት። የጻፈው እውነት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳርጌ ቀደም ሲል ቱርሚ ተመድቦ ሲሠራ፣ የሐመር ወንዶች ከእጃቸው የማይለዩትን፣ ቀን መቀመጫ ሲተኙ ትራስ የሚሆናቸውን በርኮታ ሲጠርቡ አይቶ ልቡ ተሰረቀ። በርኮታ ከአንድ እንጨት ይወጣል፤ ሚስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። በአንድ በኩል ካጠረ ያለው መፍትሔ ሌላውን ማሳጠር ነው፤ ሌላው ከመጠን በላይ ካጠረ ደግሞ ወደ መጀመሪያው መመለስ። ዳርጌ በዚህ መንገድ ከጉልበት ተነሥቶ ቁርጭምጭሚት የደረሰ በርኮታ ጠርቧል። የመጀመሪያ ሥራውን ገበያ ይዞ ወጥቶ ዶላሞ ለሚባሉ አዛውንት ጠራቢ አሳያቸው። አዛውንቱ መሬት ላይ አኖሩት፣ በአንድ ጣት ነካ አደረጉት፣ ሲወዛወዝ አዩት።

"ይሄ በርኮታ አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "ይሄ ፍየል ነው። ይሄዳል።"

ዳርጌ አልተቀየመም። ወደ ጂንካ ሲዛወር ፍየሎቹን ሁሉ ጭኖ ገባ፤ ከዚያም ወዲህ በየሳምንቱ ይጠርባል፣ በየሳምንቱ ይወላገድበታል። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴው ጓደኛው ሶፊያን ከስግደት መልስ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። የዳርጌ ሚስት መምህርት አበዛሽ የተማሪዎቿን ደብተር ወዲያ ትገፋለች። በርኮታዎቹ ከአልጋ ሥር ይወጣሉ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ሔርሜላ ዳኛ ነች። ሁሉም በየፍየሉ ላይ ይቀመጥና ወግ ይጀመራል፤ የወደቀ ሰው እንደ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ሕጉ ይኸው ብቻ ነው። ሶፊያን ሲጮህ የጎረቤት ዶሮ ከአጥር ማዶ ይመልስለታል፤ ያን ጊዜ አበዛሽ በሳቅ እንባዋ ይፈስሳል፣ እሷም ትወድቃለች። ዳርጌ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሞላቸውን ሣጥኖች ሁሉ የሚችላቸው ለዚህች ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ነበር። ደስ ይለዋል። በቃ፣ ደስ ይለዋል።

ቅጹ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ከሆሳዕና ተሹመው የመጡ፣ ልጆቻቸውን ከእናታቸው ዘንድ ትተው በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ ጠንካራ ሴት ናቸው። ጂንካ ከገቡ ጀምሮ ጥርሳቸውን ያየ ሰው ቢኖር የጥርስ ሐኪሙ ነው። ዳርጌን አስጠሩት።

"አቶ ዳርጌ፣ ይህ ምሳሌ ነው ወይስ አፈጻጸም?"

"ምሳሌ ነው ክብርት ኃላፊ። ግን... ተፈጽሟል።"

"አሥራ አንድ ሳቅ?"

"አማካይ ነው። ሶፊያን አዲስ ቀሚስ የመሰለ ጀለቢያ ለብሶ የመጣ ዕለት አሥራ ዘጠኝ ደርሶ ነበር።"

የሰው ሀብት ባለሙያው ሶርሳ ከጎን ጉሮሮውን ጠረገ። ሶርሳ ከሚስቱ ጋር ማቀዝቀዣው ላይ በሚለጠፍ ማስታወሻ ነበር የሚነጋገረው። "የኔ ቅጽም ገብቷል" አለ። "በሳምንት ሰማንያ ሳቅ። በፆታ ተለይቶ።"

"ይታያል" አሉ ኃላፊዋ። "ለምርጫው ያቋቋምነው ኮሚቴ ግን ቅዳሜ በአቶ ዳርጌ ቤት ምልከታ ይጀምራል።"

ዳርጌ እውነቱን ለመናገር ደረቱ ትንሽ ነፋ ብሎ ነበር። ለምስክር ወረቀቱ የሚሆን ክፈፍ የት እንደሚሰቅል እያሰበ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል፣ የሰነድ ባለሙያው ጸጋአብ ረጅም ሠንጠረዥ አስጨበጠው።

"ምንድን ነው?"

"የልምድ ልውውጥ መርሐ ግብር ነው። ካለፍክ በመጀመሪያው ቅዳሜ የወይጦ ልዑካን ቤትህ ይመጣሉ፤ አርባ ሰው። በሁለተኛው የቱርሚ፣ በሦስተኛው የካንጋተን። እንዲህ እያለ እስከ ሰኔ ሠላሳ።"

"ቅዳሜ ቅዳሜ?"

"ስምንት ሰዓት ላይ። ደስታው የሚታየው ያን ጊዜ ነው ብለህ ራስህ ጽፈህ የለ!"

ዳርጌ ክፈፉን ረሳው። ቤት ገብቶ ሠንጠረዡን ለአበዛሽና ለሶፊያን አነበበላቸው።

"ወላሂ፣ አርባ ሰው ፊት እንደ ዶሮ አልጮህም" አለ ሶፊያን። "ደንበኛ አለኝ።"

"ቅዳሜያችንን ሊወስዱብን ነው" አለ ዳርጌ። "በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክርቢቶዬ!"

አበዛሽ ወዲያው እንደ መምህር እጆቿን አጨበጨበች። "መውደቅ አለብን። ፈተናውን ማለቴ ነው። ቅዳሜ በዚህ ቤት ማንም አይስቅም። በርኮታዎቹ ከአልጋ ሥር አይወጡም። ሶፊያን፣ አንተ ከሱቅህ የማይወዛወዝ ወንበር አምጣ።"

"እኔስ?" አለች ሔርሜላ።

"አንቺ አልቅሺ።"

"ምን ሆኜ?"

"የሂሳብ ፈተናሽን አስቢ።"

"ዘጠኝ ነው እኮ ያገኘሁት፤ ከአሥር!" አለች ሔርሜላ ተቆጥታ። በዚህ ሦስቱም ሳቁ፤ ልምምዱም ከመጀመሩ ፈረሰ።

በዚያ ሳምንት የዳርጌ ቤት ከፍተኛ የሐዘን ዝግጅት አደረገ። ዳርጌ ሳቁ ሲመጣበት የዓመቱን የተጠቃለለ ሪፖርት በልቡ ያነበንባል። ሶፊያን ክረምት በጎርፍ የተወሰዱበትን ጀሪካኖች አንድ በአንድ ያስታውሳል። አበዛሽ ከንፈሯን ትነክሳለች። ዓርብ ሲደርስ ሁሉም አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳይስቁ ተያዩ፤ ይህም ለቤቱ ታይቶ የማይታወቅ ውጤት ነበር።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ደረሰ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ባለ ተረከዝ ጫማቸውን አድርገው ከፊት፣ ጸጋአብ ቼክሊስትና ሰዓት መያዣውን አንግቶ ከኋላ። በሶፊያን ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ወንበሮቹ ቀጥ ብለው ቆሙ።

"መጀመር ትችላላችሁ" አሉ ኃላፊዋ።

ማንም ምንም አልጀመረም። ሶፊያን ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ በኀዘን ተመለከተ። ዳርጌ ተከዘ። አበዛሽ እንግዶቹ ፊት የተቆራረጠ ማንጎ በሰፊ ሳፋ አቅርባ፣ ለቅሶ ቤት እንዳለች ሁሉ "እስቲ ቅመሱ፣ ምን ይደረጋል" አለች።

ጸጋአብ ጮክ ብሎ ያነባል። "ቤተሰቡ ተራ በተራ ይደሰታልን? አይደሰትም። ፈገግታው ከጆሮ ምን ያህል ይርቃል? ፈገግታ የለም። ጓደኛ ለቤተሰቡ የሚያደርገው አስተዋጽዖ?"

ሶፊያን በረጅሙ ተነፈሰ።

"ተነፈሰ" ብሎ ጻፈ ጸጋአብ።

ነገሩ በሚያኮራ ሁኔታ እየከሸፈ ነበር። ዳርጌ በልቡ መርሐ ግብሩን ሲቀደድ ያየዋል፤ ቅዳሜዎቹ አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ይታዩታል። ያኔ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ቅጹን ገለጡና "በርኮታ ይላል። የታለ? ማስረጃ ከሌለ ውጤቱ ምሉዕ አይሆንም" አሉ።

"ኧረ እሱስ... ያረጀ ነው" አለ ዳርጌ።

"ስብሰባን ላምጣው?" አለች ሔርሜላ፣ መልስ ሳትጠብቅ ከአልጋው ሥር ገብታ።

ስብሰባ ከዳርጌ በርኮታዎች ሁሉ የከፋው ነበር። ስሙን ያገኘውም የተቀመጠበት ሰው መቼና በየት በኩል እንደሚለቅቀው ስለማያውቅ ነው። ሔርሜላ ኃላፊዋ ፊት አኖረችው። ስብሰባ ሁለቴ ተወዛውዞ ጨዋ መስሎ ቆመ።

"ክብርት ኃላፊ፣ እባክዎን ይቅርብዎ" አለ ዳርጌ።

"ኃላፊነት አለብኝ" አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጀርባቸውን አቅንተው፣ በመላው ሥልጣናቸው ተቀመጡ።

ስብሰባ ወደ ግራ አዘነበለ። ኃላፊዋ ወደ ቀኝ ሊያስተካክሉት ሞከሩ። እሱም ሐሳባቸውን ተቀብሎ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ከዚያም አልፎ ሄደ። አንድ ባለ ተረከዝ ጫማ ወደ ጣሪያው ተነሣ፤ ወይዘሮ ወሰንየለሽም ከነፋይላቸው የማንጎው ሳፋ ውስጥ ዘጭ አሉ።

ሶፊያን ቆቡን በአፉ ጎረሰ። አበዛሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ዳርጌ የዓመቱን ሪፖርት በልቡ እያነበነበ ገጽ አሥራ ሁለት ደረሰ። ጸጋአብ ግድግዳውን ያያል። በመካከሉ ዳኛዋ ሔርሜላ ሕግ ሕግ ነውና ወደፊት ቀርባ፣ "እትዬ፣ የወደቀ ሰው እንደ አውራ ዶሮ ይጮኻል" አለች።

ዳርጌ ዓይኑን ጨፈነ። ከሥራ መሰናበቻ ደብዳቤው ታየው።

"ኩኩ... ሉሉ..." አለ አንድ የደከመ ድምፅ ከሳፋው ውስጥ።

ከአጥር ማዶ የጎረቤት ዶሮ በሙሉ ጉሮሮው መለሰ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ሳቁ። መጀመሪያ እንደ ማስነጠስ ያለ ነገር ነበር፤ ከዚያ ጥርሳቸው ታየ፤ ከዚያ እንባቸው ወረደ፣ ጎናቸውን ያዙ፣ ማንጎ በፀጉራቸው ላይ ይዘው "ወይኔ እናቴ! ወይኔ እናቴ!" አሉ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር ያስቸግራል። በርኮታዎቹ ሁሉ ከአልጋ ሥር ወጡ። ጸጋአብ አራት ጊዜ ወደቀ፤ በአራተኛው ሆን ብሎ ነው የሚል ክስ ቀረበበት። ሰዓት መያዣው ሳይነካ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ።

እንግዶቹ ሲወጡ ዳርጌ በሩ ላይ ተደግፎ ቀረ።

"አለፍን አይደል?" አለችው አበዛሽ በዝግታ።

"አለፍን" አለ ዳርጌ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። "ቅዳሜያችን ሄደ።"

ሰኞ ጠዋት ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። ዳርጌ ከኋላ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ወደ መድረኩ ወጥተው መነጽራቸውን አደረጉ። ፊታቸው እንደ ቀድሞው ድንጋይ ነው።

"ኮሚቴው በአቶ ዳርጌ መኖሪያ ቤት ባደረገው ጥልቅ ምልከታ" ብለው አነበቡ፣ "ምንም ዓይነት ደስታ አላገኘም።"

ዳርጌ ቀና አለ። ጸጋአብ ጫማውን ያያል።

"በመሆኑም ተሞክሮው የሚሰፋ ሆኖ አልተገኘም። ለሞዴልነት የተመረጡት በሳምንት ሰማንያ ሳቅ ያስመዘገቡት አቶ ሶርሳ ሲሆኑ፣ አርባው የወይጦ ልዑካን የፊታችን ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ቤታቸው ይገባሉ።" አዳራሹ አጨበጨበ። ሶርሳ ለሚስቱ የሚለጥፈውን ማስታወሻ ከወዲሁ መጻፍ ጀመረ።

"በአቶ ዳርጌ ቤት የታየው ክፍተት ግን" ብለው ቀጠሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ፣ "እጅግ አሳሳቢ በመሆኑ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ዘወትር ቅዳሜ በአካል ተገኝተው የቅርብ ክትትል እንዲያደርጉ አቅጣጫ ተቀምጧል።"

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ የዳርጌ በር ተንኳኳ። ኃላፊዋ ተረከዝ የሌለው ጫማ አድርገው፣ አንድ እቅፍ ሙዝ ይዘው ቆመዋል።

"ለክትትል ነው የመጣሁት" አሉ ኮስተር ብለው። "ስብሰባን አምጡልኝ።"

ዳርጌ እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ በየወሩ የደስታ ሪፖርት አቅርቧል። ሣጥን ባዶ አይተውም፤ ሁሉንም በጥንቃቄ እንዲህ ብሎ ሞልቷቸዋል፤ "ክትትሉ ተጠናክሮ ቀጥሏል። እስካሁን የተገኘ ደስታ የለም።"