ሳይገባህ እንዳትውጥ

በየሰፈሩ መድኃኒት ቤት አለ፤ በየመድኃኒት ቤቱም ሳያስረዳ ኪኒን የማያቀብል አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ሰፈሩን “ክቡር ፕሮፌሰር” እንላቸዋለን። ማዕረጉን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ወረፋ ያንገላታው ሕዝብ ነው። “ሳይገባህ እንዳትውጥ” የምትል መመሪያ አለቻቸው። የሳል ሽሮፕ ልትገዛ የገባች ጎረቤቴ፣ ስለ ሳንባ ሲያብራሩላት ቆይታ ሳሉ ለቋት ወጣች።

እኔም ስሸሻቸው ኖርኩ። አምና ግን ምክንያቱን የማላውቀው ሐዘን ተጫነኝ፤ ከአልጋ መውረድ ዳገት ሆነብኝ። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘልኝ። በዘጠነኛው ቀን ያተረፍኩት ማቅለሽለሽ ብቻ ነበር። ሣጥኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ “በቃኝ፣ ትቼዋለሁ” አልኳቸው።

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አወለቁ። “የማን መድኃኒት እንደሆነ አንናገርም” አሉ፣ ወረፋው በሙሉ እኔን እያየ። ከዚያ ወንበር መሃል ላይ አኖሩና ከወረፋው አንድ ሹፌር፣ የሰፈሩን ባለልኳንዳና አንዲት አሮጊት ጠሩ።

“ይቺ ወንበር በአንጎል ውስጥ ያለች መልእክት ተቀባይ ናት። ሹፌሩ፣ አንተ ስሜት የሚያረጋጋው መልእክተኛ፣ ሴሮቶኒን ነህ፤ መጥተህ ተቀመጥ። ባለልኳንዳው፣ ሳይደላደል ወደመጣበት ጎትተህ መልሰው።” ጎተተው። “እማማ፣ እርስዎ ኪኒኑ ነዎት። የጎታቹን እጅ ይያዙልኝ።” እማማ ያዙ፤ ሹፌሩም ተመልሶ ተደላደለ።

“ታዲያ ለምን አልተሻለኝም?”

“አንጎልህ እስኪለምደው ሳምንታት ይፈጃል። ሆድህ ውስጥም እንዲህ ያሉ ወንበሮች ሞልተዋል፤ ግርግሩ እዚያ ቀድሞ ይሰማል።”

“ሲበሉት ግድግዳ ሲተነፍስ የሚያሳየው፣ ያ አእምሮ የሚያዞር እንጉዳይስ?” አለ ሹፌሩ፣ ወንበሩ ተመችቶት።

ክቡርነታቸው አስነሱትና ራሳቸው ዘፍ አሉበት። “እሱ ሳይጠራ መጥቶ በሰው ወንበር የሚቀመጥ ነው። ተቀምጦም አያርፍ፣ ቤቱን ያምሰዋል።”

እማማ የባለልኳንዳውን እጅ ገና አልለቀቁም ነበር። “እኔ እይዘዋለሁ ልጄ፤ አንተ ብቻ ዋጠው” አሉኝ።

ያን ያህል ሰው ጉዳዩን ትቶ ለእኔ ሲቆም አይቼ አላውቅም። ሣጥኑን ይዤ ተመለስኩ፤ በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እያፏጨሁ ራሴን ያዝኩት።

ዛሬ ለአንዲት ፕላስተር ብዬ ወረፋ እሰለፋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ከፊቴ የነበረች ሴት ሣጥኗን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ “ይቅርብኝ” ስትል ሰማሁ። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ወንበሩን መሃል አድርሼዋለሁ።

“የጎታቹን እጅ ዛሬ እኔ ልያዝ?” አልኳቸው።

“ገብቶሃል?”

“ገብቶኛል” አልኩና እጅጌዬን ሰበሰብኩ።